እውነት ወይስ ተረት? ጽዱ፣ ኮሶው እና የሐይቁ ጭቃ

አጎቴ ከአምባሰል ደጋ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ከሚሰለቹ ብዬ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይዣቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ «ዛሬ የዕፅዋት ቤት ነው የማሳይዎ» ብያቸው ኖሯል፤ እሳቸው ይህን ይዘው በቴሌቪዥን ያዩትን የፈረንጅ አገር የመስታወት ቤት ሲጠብቁ ቆይተዋል። ከበሩ ገብተን ሽቅብ ጥቂት እንደሄድን ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ግራ ቀኙን አዩ።

«የታለ ጠርሙሱ?»

«የምን ጠርሙስ፣ ጋሼ?»

«የዕፅዋት ቤት አላልከኝም? ይሄማ ጽድ ነው። ጽድ ለማየት ከአምባሰል አዲስ አበባ ይመጣል እንዴ?»

ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ዳገቱን ስንወጣ ስንወርድ ስለ ዛፍ ብዙ አወራን፤ እሳቸው የነገሩኝም እኔ የመለስኩትም ግማሹ ውሃ የማያነሳ ነበር። ከዚያ ቀን ወሬያችን፣ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ከምሰማው እና እኔው ራሴ ለዓመታት ሳስተጋባ ከኖርኩት ጥቂቱን ላንሳ።

«የዕፅዋት ማዕከል ማለት የመስታወት ቤት ነው»

ተረት። የመስታወት ቤት የብርድ አገር ብልሃት ነው። በለንደን የኪው ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ያለው ዝነኛው የዘንባባ ቤት ከ1844 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በብረትና በመስታወት የተሠራው፣ ሙቀት የለመደ ተክል የእንግሊዝን ክረምት ውጭ ማደር ስለማይችል ነው። በከሰል ውኃ አፍልተው፣ በቧንቧ አዙረው፣ ተክሉን እንደ ሕፃን ያሞቁት ነበር። ሐይቅ ዳር ጓሮው ውስጥ ቡና የተከለ ሰው ግን ፀሐዩም ዝናቡም በነፃ ነው፤ እዚያ በእሳት የሚኖረው እዚህ ከአጥር ሥር ይበቅላል።

ጉለሌ 705 ሄክታር የሚሸፍን ተዳፋት መሬት ነው፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት። እና አጎቴ የፈለጉት ጠርሙስ ከሌለ ከማንኛውም ጥሻ በምን ይለያል? በመዝገብ። ተክሉ ስም አለው፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ ሲሞት ሞቱ ይጻፋል። ከጀርባው ደግሞ ጎብኚ የማያየው ሥራ አለ። በ1959 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ ቅጠልና አበባ ተጨፍልቆ፣ ደርቆ፣ ወረቀት ላይ ተሰፍቶ ይቀመጣል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በመጽሐፍ የመመዝገቡ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያ ለመጻፍ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠል ሲቆጥሩ?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን የስም ሰሌዳ ጠጋ ብለው አዩት።

«አገር በቀል ከሆነ የእኛ ብቻ ነው»

ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። አገር በቀል ማለት ማንም ሳያመጣው እዚህ የኖረ ነው። ሌላ ቦታ አይገኝም ማለት አይደለም። የሐበሻ ጽድ ከቀይ ባሕር ማዶ ከዓረብ ተራሮች ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል። የእኛዋ ወይራ ደቡብ አፍሪካም አለች። ዝግባም እንዲሁ። የእኛ ብቻ የሆኑት ከጠቅላላው ወደ አንድ አሥረኛ ይጠጋሉ። ከእነሱ አንዱ ብርብራ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ጥንት አጥማጆች የሚያውቁት ያ ዛፍ።

ግልባጩ ስሕተት ይብሳል፤ የመጣውን እንደኖረ መቁጠር። ለዚህ እንኳን ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው፤ ጆሮ የሚሰጠው ጠፋ እንጂ። ባሕር ዛፍ ስሙ ላይ «ባሕር ተሻግሬ መጣሁ» ብሎ ጽፏል። በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ከአውስትራሊያ ምድር ዘሩ የደረሰን፤ ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይባላል። በቆሎንም ድሮ የባሕር ማሽላ የሚሏት ነበሩ፤ እሷም ከአሜሪካ ምድር የመጣች ናት።

ያታለለኝ ግን ጽዱ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየትምህርት ቤቱ አጥር በሰልፍ ተተክሎ የማየውን ጽድ ሁሉ የሐበሻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። አብዛኛው የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ትውልዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። መለየት ከፈለጉ ቅጠሉን ትተው ፍሬውን ይዩ። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የጠጠረ፣ ጋሻ ጋሻ በሚመስሉ ቅርፊቶች የተገጣጠመ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ይለቃል። የሐበሻው ፍሬ ግን ትንሽ፣ ለስላሳ፣ አመድ የነሰነሱበት ሰማያዊ ቅንጣት ነው፤ በጣት ሲጨምቁት ይፈርጣል፣ ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። አጎቴ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ኖሯል። «ያኛው እኮ ለአጥር ነው፣ ለቤት ምሰሶ አይሆንም፣ ምስጥ ይበላዋል» አሉኝ። ሰሌዳ ሳያነቡ።

«ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ ደን ነበር»

ይህችን ያልሰማ የለም። እኔ ከትምህርት ቤት ይዣት ወጥቻለሁ፤ ዛሬም በችግኝ ተከላ ሰሞን ከድምፅ ማጉያ ትወጣለች። አርባ ነበር፣ አሥራ ስድስት ሆነ፣ ሦስት ቀረ። እየወረደች የምትሄድ ቁጥር ደስ ትላለች፤ ለንግግር ትመቻለች።

እንጠይቅ እንጂ፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ማን ለካው? ከሰማይ ፎቶ የሚያነሳ አውሮፕላን አልነበረ፣ የደን ቆጠራ አልተደረገ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ወሬ ሥር መሠረቱን ፈልጎ፣ ቁጥሩ ሰው ከሰው እየቀዳ የደጋገመው ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆነ፣ የሰሜኑም ደጋ ብዙው ክፍል ከዚያ በፊት ጀምሮ የተራቆተ እንደነበር ጽፏል።

ግን ከማካንም የበለጠ ምስክር አለን፤ እሱም የሐይቅ ጭቃ ነው።

ስለ ሐይቃችን የሚተረተውን የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቦታው ድሮ ደረቅ መሬት ነበር፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ውኃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሲሰነጠቅና ሲወርድ የተፈጠረ ጎድጓዳ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከታች ያለው ነው። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የሚገባው ወንዝ እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣው ወንዝ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ምን ይገባበታል? ዛፍ በየዓመቱ ዓይን የማያየው ዱቄት በነፋስ ይበትናል። የጽዱ ዱቄት ከወይራው፣ የወይራው ከሣሩ ቅርጹ ይለያል። ውኃው ላይ ያርፋል፣ ይሰምጣል፣ ጭቃ ይከድነዋል፣ በላዩ የሚቀጥለው ዓመት ዱቄት ይመጣል። እንዲህ ገጽ በገጽ ይደራረባል። ሰው ደን ሲያቃጥልም የከሰሉ ብናኝ በዚያው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ተመራማሪ ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው ይሰድና እንዳለ መዝዞ ያወጣዋል፤ ይቆራርጠዋል፣ በአሲድ አጥቦ አፈሩን ያስለቅቀዋል፣ የቀረውን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህን በሐይቅና በጎረቤቱ በአርዲቦ ያደረጉት ዳርቢሺር፣ ላምብ እና የእኛው መሐመድ ኡመር ናቸው፤ ጥናታቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ጭቃው የተናገረውን ስሙልኝ። የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በእነዚህ ኮረብቶች ላይ የዝግባና የጽድ ደን ነበረ፤ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር በቀለ፤ ያ ክትክታ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጽዱ ተመለሰ፤ ወይራና ቀውት ተከትለውት። ዝናብ በዝቶ ይሁን ሰው ተመናምኖ፣ ሁለቱም ይታሰባሉ። ካለፉት 300 ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንደገና ተመነጠረ፣ አፈሩም ታጥቦ ወደ ሐይቁ ወረደ።

እስቲ ይህን ከታሪካችን ጋር አስተያዩት። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲመጡ፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ሲሰበስቡ፣ ከደሴቱ ማዶ ቀና ብለው ያዩት ኮረብታ በጭቃው አቆጣጠር ገና ክትክታ ለብሶ ነበር። እኔ ሁልጊዜ በሐሳቤ በጥቁር ደን የተከበበ ገዳም ነበር የምስለው። ሥዕሉ ተበላሸብኝ፤ አልቆጨኝም።

የ40 በመቶው ተረት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአያቶቻችን ጫንቃ ላይ ይጥልና ከእነሱ በፊት የነበረውን ሁለት ሺህ ዓመት ምንጣሮ ነፃ ያወጣል። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ደን አንዴ ከሄደ አይመለስም የሚል ተስፋ መቁረጥ ያስተምራል። ሐይቅ ላይ ግን ተመልሶ ነበር፤ ያለ ድምፅ ማጉያ። ይህን ስል አሁን ደን እየጠፋ አይደለም ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያለው ጥፋት በዓይን የሚታይ ነው። ሐሰቱ ያለው መነሻ ቁጥሩ ላይ ነው።

«የሐይቅ እስጢፋኖስ ደን እጅ ያልነካው ነው»

ነካው እንጂ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲኖር ሐይቅን አይቶ ጽፏል። ያን ጊዜ ገዳሙ ገና በውኃ የተከበበ ደሴት ነው፤ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ይሻገራሉ። ደሴቱ ላይ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ በብዛት እንዳለ ይነግረናል። እነዚህ ራሳቸው ከእስያ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ከ500 ዓመት በፊት መነኮሳቱ የባዕድ አገር ፍሬ ተክለው፣ አጠጥተው፣ ይበሉ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ያ ቦታ ጉለሌ ከመታሰቡ ከዘመናት በፊት የነበረ የዕፅዋት ማዕከል ነው፤ ሰው መርጦ የተከለው፣ መርጦ ያቆየው። ዛሬ ውኃው ወርዶ ደሴቱ ከየብስ ተያይዟል፤ በእግር ይገባል። ሴት ግን አትገባም። እናቴ እዚያው ሐይቅ ተወልዳ አድጋ የገዳሙን ዛፎች የምታውቀው ከውኃው ማዶ ቆማ ነው። የሕዝብ መናፈሻና የገዳም ደን አንድ አይደሉም፤ ይህን ደብቆ ማመስገን አይቻልም።

«የቤተ ክርስቲያን ደን ስለሆነ ማንም አይደርስበትም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። መጥረቢያ ይፈራል፤ ከብት ግን መንፈሳዊ ክብር አያውቅም። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ብዛቱ ያስደንቃል። ያንኑ ያህል የሚያሳስበው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተተኪ ቡቃያ መሳሳቱ ነው፤ ከብት ገብቶ ይግጠዋል። መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆኖ ተገኘ፤ ለካቡም ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑ አጥር ያገኛል።

ይህን ሳወራ አጎቴ ኮስተር አሉ። በአባቴ ወገን ያሉት ዘመዶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወሎ ላይ ይህ ማብራሪያ አይሻም። «ደን የጠበቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው? የእኛ መቃብር ላይ ያለውን ወይራ ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል? የሼሆቹ ደጅስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በወሎ ዛውያዎችና የሙስሊም መቃብር ስፍራዎች ላይ የቆሙት ያረጁ ዛፎች እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ብዙ አልተወራላቸውም። ካሜራ ይዞ የመጣ ሁሉ ክብ ደንና ቆርቆሮ ጉልላት ነው የሚፈልገው።

«አንድ ዛፍ ካለ ዘሩ አለ»

ወደ መውጫው ስንቃረብ ኮሶ አገኘን። አጎቴ እንደ ዘመድ ነበር የተጠጉት፤ ቅርፊቱን ዳሰሱት፣ የላላውን ልጥ በጣታቸው አነሱት። ኮሶ የሞቃት ቆላ ዛፍ አይደለም፤ ሐይቅ ከተማ ዝቅ ይልበታል፣ አምባሰል ደጋው ላይ ግን ቤቱ ነው። ሰው አምባሰል ሲባል ቅኝቱን ያስባል፣ ወይ መስከረም 21 የግሸንን ጉዞ፤ ኮሶውን የሚያስብ የለም።

«በሳይንስ ስሙ የአንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ መጠሪያ ነው» አልኳቸው። እውነት ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጎንደር ሳለ ኮሶን አስሎ፣ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ስም ሰጠው። ስሙ ቀድሞ በአውስትራሊያ ተክል ተይዞ ኖሮ አልጸናም፤ በመጨረሻ ሀገን ለተባለ የኮኒግስበርግ ሰው ተሰጠ። አጎቴ ሰምተው «ኮሶ አጠጥተውት ነበር?» ብቻ አሉ።

ከዚያ በቁም ነገር አወጉኝ። ከቤታቸው በላይ ካለው ገደል አፋፍ አንድ ኮሶ ቀርቷል። ድሮ ብዙ ነበር። ይህ አንዱ በየዓመቱ ያብባል፣ ነገር ግን ከሥሩ አንድም ቡቃያ አይተው አያውቁም። «ዛፉ አለ፣ ዘሩ የት ሄደ? መሬቱ ተረግሞ ነው» ይላል መንደሩ።

መሬቱ አልተረገመም። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው፤ በአብዛኛው ወንዴ አበባ በአንዱ ዛፍ፣ ሴቴ አበባ በሌላው ነው። ጽድም እንዲሁ፣ ዝግባም እንዲሁ። ብቻውን የቀረ ኮሶ ቢያብብም ዘር አይዝም፤ እንደ ሽማግሌ ወንደላጤ ነው። ይህ ነገር በመስታወት ቤት ያሉትንም አይምርም። ኪው ውስጥ እንሰፋላርቶስ ዉዲ የሚባል ዘንባባ መሳይ ተክል አለ። በ1895 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ጫካ ውስጥ አንድ ወንዴ ብቻ ተገኘ፤ ቡቃያው ተነቅሎ አንዱ በ1899 ለንደን ደረሰ። እስከ ዛሬ ሴቴዋ አልተገኘችም። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ የዚያ አንድ ወንድ ቡቃያ ናቸው። መስታወቱ ሕይወቱን አቆየለት፣ ሙሽራ ግን አላመጣለትም።

አጎቴ ዝም ብለው አዳመጡ። «ወንዱን ከሴቷ በምን አውቀዋለሁ?» አሉኝ። የሴቴዋ ዘለላ ከበድ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፤ ድሮ ለመድኃኒት ደርቆ ይሸጥ የነበረው እሱ ነው። የወንዴው ላላ ያለ፣ ላባ መሳይ፣ ፈዘዝ ያለ ነው። ያን ያህል ነው የማውቀው፤ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ታኅሣሥ ላይ ደወሉልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ነፋሱ ይሰማል፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው መሆን አለበት።

«አየሁት» አሉ። «ላባ ነው። ወንዱ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ጉለሌ ያየነው ቀይ ነበር አይደል? ሴቷ እሷ ናት። እስቲ ሰዎቹን ጠይቅልኝ፣ ዘር ይሰጣሉ?»